ዘይቱን እናውቀዋለን፣ ዛፉንስ?

ባለፈው ጊዜ ስለ ምግብ ዘይቶች ስንጽፍ ፓልምን በሁለት መስመር አልፈነው ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ እሱ ሆኑ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የዚህ ዛፍ ነው። በዓለም ላይ ከየትኛውም የእፅዋት ዘይት በላይ የሚመረተው የዚህ ዛፍ ዘይት ነው። ብስኩቱ ውስጥ አለ፣ ኑድልሱ ውስጥ አለ፣ ሳሙናው ውስጥ አለ፣ የከንፈር ቀለሙ ውስጥ ሳይቀር አለ። ዛፉን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ስሙ የሚነሳውም ሊወቀስ ሲል ብቻ ነው። ይኼ ሁሌም ይቆረቁረኛል። በሉ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንግባ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፓልም የሚባለው ዘይት መንገድ ዳር ለጌጥ ከሚተከለው ዘንባባ ነው የሚወጣው ወይስ ሌላ ዛፍ ነው? ልጄ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ።

ሌላ ነው እማዬ። የዘንባባ ቤተሰብ በጣም ሰፊ ነው፤ 2,600 ገደማ ዝርያ አለው። ተምርም እዚያ ውስጥ ነው፣ ኮኮናትም እዚያው ነው። የዘይቱ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ኤሌይስ ጊኒንሲስ ይባላል። የትውልድ አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደን ነው።

ለልጅዎ እንዲህ ብለው ይንገሯት። ግንዱ አንድ ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም፤ ካልተነካ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል። ቅጠሉ ብቻውን 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው፤ የቅጠሉ እግር ላይ ደግሞ የሚወጋ እሾህ አለ። ፍሬው የሚወጣው ግንዱና ቅጠሉ ከሚገናኙበት ጉያ ውስጥ ተወትፎ፣ በትልቅ ዘለላ ሆኖ ነው። አንድ ዘለላ ከ10 እስከ 25 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ከሺህ የሚበልጥ ፍሬም ይይዛል። ጥሬው ፍሬ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ዛፉ የደን ዛፍ ይባል እንጂ ድቅድቅ ያለ ጥላ አይወድም። ብርሃን ይፈልጋል። በተፈጥሮ የሚገኘው በወንዝ ዳር፣ በረግረግ ጫፍ፣ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ ነው። ሰው ደን መንጥሮ አርሶ ሲለቅ ቀድሞ የሚበቅለውም እሱ ነው። ስለዚህ በምዕራብ አፍሪካ ደን ውስጥ የዚህ ዘንባባ ጥቅጥቅ ያለ መንጋ ከታየ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ሰው ይኖር እንደነበር ምልክት ሊሆን ይችላል። ከሰው ጋር የኖረው ለሺህ ዓመታት ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ፓልም ዘይት ሲቀዘቅዝ ረግቶ ነጭ ሆነ። ተበላሽቷል? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ እውነተኛው ፓልም ዘይት ቀይ ነው አለኝ። የቱን ልመን?

ሁለቱንም እመን፤ ዘይትህም አልተበላሸም።

ከዚህ ፍሬ ሁለት ዘይት ይወጣል። አንደኛው ከውጪው ሥጋ ነው፤ ፓልም ዘይት የምንለው እሱ ነው። ሁለተኛው ከውስጡ፣ ጠንካራው ቅርፊት ከተሰበረ በኋላ ከሚገኘው ነጭ አስኳል ይወጣል። የአስኳሉ ዘይት ከኮኮናት ዘይት ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ አረፋ ስለሚሰጥ ሳሙናና ሻምፑ ሠሪዎች ይሻሙበታል።

የሥጋው ዘይት ሲጨመቅ ቀይ ነው። ያቀላው ካሮትን የቀላውና ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት ቀለም ነው፤ ካሮቲን ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ሲጣራ፣ ሲነጣና ሽታው በከፍተኛ ሙቀት ሲወጣ ያ ቀለም ይጠፋል። ገበያ ላይ የምናየው ፈዛዛ ቢጫ ዘይት የተጣራው ነው። በምዕራብ አፍሪካ ግን ሰው የሚያበስለው በቀዩ ነው፤ ጣዕሙም ሽታውም የራሱ ነው፣ ወጡንም ያቀላዋል። በናይጄሪያ ባንጋ የሚባለው ሾርባ የሚሠራው በቀጥታ ከፍሬው ሥጋ ነው። በብራዚል ባሂያ ግዛትም ዴንዴ ብለው ይጠሩታል፤ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት የምግብ ባህል ነው፣ እስከ ዛሬም አካራዤ የሚባለው ከባቄላ ወገን ጥራጥሬ የሚሠራ ጥብስ ያለ እሱ አይጠበስም።

ስለ መርጋቱ፦ ፓልም ዘይት ውስጥ ቶሎ የሚረጋና ቶሎ የማይረጋ ክፍል አለ። ፋብሪካዎች ሁለቱን በማቀዝቀዝ ይለያዩአቸዋል። ፈሳሹ ኦሌይን ይባላል፣ ለመጥበሻ ይሸጣል። የሚረጋው ስቴሪን ይባላል፣ ወደ ማርጋሪንና ወደ ብስኩት ይሄዳል። ያንተ ጠርሙስ ፈሳሹ ነው፤ ግን እሱም ብርድ ሲነካው ይረጋል። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጠው ይፈታል። የኮመጠጠ ወይም የቆየ ቅባት የሚሸት ከሆነ ግን ተወው፤ ያ ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ኮሌስትሮሌ ከፍ ብሏል ተባልኩ። ሰፈር ውስጥ ፓልም መርዝ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መርዝ አይደለም። ለእርስዎ ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም። ሁለቱንም በግልጽ ልናገር።

ፓልም ዘይት ውስጥ ካለው ቅባት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ቅባት ኤልዲኤል የሚባለውን፣ ሐኪሞች የሚጠሉትን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የሱፍ አበባ ወይም የወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ቅባት በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ኮሌስትሮልዎ ከፍ ካለ እነዚያን ዘይቶች ማስቀደሙ ትክክል ነው፤ ስለ መጠኑ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ነገር ግን ፓልም ፋብሪካዎች ውስጥ ይህን ያህል የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት የባሰ ነገር ለመተካት ነው። ድሮ ማርጋሪን የሚሠራው ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን አርግቶ ነበር፤ ከዚያም ትራንስ ፋት ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ ለልብ ከሳቹሬትድ ቅባትም ይከፋል። ፓልም በተፈጥሮው ስለሚረጋ ያንን አላስፈለገም።

ሌላው ሰው የሚያነሳው በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያወጣው ማሳሰቢያ ነው። ዘይት ሲጣራ ከ200 ዲግሪ በላይ ከጋለ ጤናን የሚጎዱ ውህዶች ይፈጠራሉ፣ ፓልም ውስጥም ከሌሎቹ በርከት ብለው ተገኝተዋል ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የሙቀቱን አሠራር ማስተካከል ጀምረዋል። ቤት ውስጥ ማድረግ የሚችሉት ግልጽ ነው፤ ዘይቱ እስኪጨስ አያግሉት፣ አንድን ዘይት ደጋግመው አይጥበሱበት። ይህ ለማንኛውም ዘይት ይሠራል።

ጥያቄ፦ ዛፉ የአፍሪካ ነው ካላችሁ ለምን ዋና አምራቾቹ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ሆኑ? እኔ የእስያ ዛፍ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መልሱ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ዛሬ ከዓለም ፓልም ዘይት ከአምስት እጅ አራት እጅ በላይ የሚመጣው ከሁለቱ አገሮች ነው። መነሻው ግን በጣም ትንሽ ነው። በ1848 አራት ችግኞች ጃቫ ደሴት ላይ በሚገኘው የቦጎር የእፅዋት ማዕከል ተተከሉ። አራት ብቻ። ለጌጥና ለጥናት ነበር። የእነሱ ዘር ወደ ሱማትራ ተሻገረ፤ እዚያ ዴሊ በሚባለው አካባቢ የትምባሆ እርሻ መንገዶችን ማስጌጫ ሆነ። በ1911 አድሪያን ሃሌ የተባለ ቤልጂየማዊ ሱማትራ ላይ ለንግድ መትከል ጀመረ። በ1917 ደግሞ ማሌዥያ ውስጥ፣ ሴላንጎር ላይ የመጀመሪያው የንግድ እርሻ ተተከለ። የጎማ ዋጋ ሲወድቅ ማሌዥያ በ1960ዎቹ በሰፊው ወደ ፓልም ዞረች፤ መሬት ለሌላቸው ቤተሰቦች እየተሸነሸነ ተሰጠ።

በዚያው ዘመን ምዕራብ አፍሪካ ዘይቱን ለዓለም ስትሸጥ ኖራለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሳሙናና ሻማ የሚሠሩት፣ ማሽናቸውንም የሚያለሰልሱት በእሱ ነበር። የኒጀር ወንዝ አፍ አካባቢ ራሱ የዘይት ወንዞች ይባል ነበር። እዚያ ጃጃ የሚባል ከባርነት ተነስቶ የኦፖቦ ንጉሥ የሆነ ነጋዴ የዘይቱን ንግድ በእጁ ሲያደርግ እንግሊዞች በ1887 ይዘው አጋዙት። ዘይቱ ትርፍ ያመጣ የነበረው ለማን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ብዙውን ፍሬ እየለቀሙ፣ እየቀቀሉ፣ እየረገጡ የሚጨምቁት ደግሞ ሴቶች ነበሩ።

እስያ እንድትቀድም ያደረጉ ሁለት ነገሮች ከአፍሪካ የሄዱ ናቸው።

የመጀመሪያው የዘር ምስጢር ነው። ይህ ዘንባባ በቅርፊቱ ሦስት ዓይነት አለው። ዱራ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ ሥጋው ቀጭን። ፒሲፌራ ቅርፊት የለውም፣ ግን ሴቴው አበባ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ቴኔራ ደግሞ ቅርፊቱ ቀጭን፣ ሥጋው ብዙ ነው። በ1941 ኮንጎ ውስጥ ያንጋምቢ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ቤርናርትና ቫንደርዌየን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቴኔራ የሁለቱ ዲቃላ መሆኑን አረጋገጡ። አንድ ጂን ነው የሚወስነው። ዱራን ከፒሲፌራ ብታዳቅዪ የሚወጣው ሁሉ ቴኔራ ነው። ከአንድ መሬት የሚወጣው ዘይት በአንድ ጊዜ ጨመረ። ዛሬ በትልልቅ እርሻዎች የሚተከለው በዚህ መንገድ የተገኘ ነው።

ሁለተኛው ነፍሳት ናት፤ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ባወራው አይሰለቸኝም። አንድ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ፣ በየተራ ያወጣል። ብናኙ ከወንዴው ወደ ሴቴው መድረስ አለበት። እስያ ላይ ለረጅም ጊዜ ነፋስ ያደርሰዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ግን ፍሬው በደንብ አይይዝም፤ እናም ሠራተኞች ከወንዴው አበባ ብናኝ እየሰበሰቡ፣ በየዛፉ እየዞሩ ሴቴዎቹ ላይ በእጃቸው ይነፉ ነበር። በሄክታር ከመቶ በላይ ዛፍ፣ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ። ሌስሊ ዴቪድሰን የሚባል ካሜሩን ውስጥ የሠራ የእርሻ ኃላፊ ግን እዚያ ማንም በእጁ እንደማይነፋ፣ አበባው ላይም የሚርመሰመስ ነገር እንዳለ አይቶ ነበር። ራህማን ሰይድ የሚባል ፓኪስታናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ካሜሩን ሄዶ አጠናው። ሥራውን የምትሠራው የነቀዝ ዘመድ የሆነች ጥቃቅን ጥንዚዛ ናት።

አሠራሯ ይገርማል። እንቁላሏን የምትጥለው ወንዴው አበባ ላይ ነው፤ ልጆቿም ያበቃውን አበባ እየበሉ ያድጋሉ። ወንዴው አበባ ሲፈነዳ እንስላል እንስላል የሚል ሽታ ይሰጣል፤ በዚያ ትሳባለች። ሴቴው አበባ ሲደርስ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ሽታ ለአጭር ጊዜ ይለቃል። ጥንዚዛዋ ወንዴው መስሏት ትሄዳለች፣ የምትበላው ታጣለች፣ ትመለሳለች፤ ግን ሰውነቷ ላይ የነበረውን ብናኝ ጥላ ነው የምትመለሰው። ሰይድ ሌላ ሰብል የምትበላ እንዳትሆን በብዙ ዕፅዋት ላይ ሞከራት፤ የምትኖረው በዚህ ዘንባባ ላይ ብቻ ነው። በ1981 ማሌዥያ ውስጥ ተለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ በአገሩ ሁሉ ተዛመተች፣ የፍሬው አያያዝ በግልጽ ጨመረ፣ በእጅ መንፋትም ቀረ። ለመቶ ዓመት ያህል ዛፉን ይዘው ጓደኛውን ረስተዋት ኖረዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሞቃትና ዝናብ የማይለየው ቦታ መሬት አለኝ። ፓልም ለመትከል አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ የአየሩን ነገር ይመርምሩ። ይህ ዛፍ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይፈልጋል፤ ያም በየወሩ ተከፋፍሎ የሚጥል መሆን አለበት። ሁለት ሦስት ወር ድርቅ ካለ ይታገሳል፣ ግን ይበቀላል፦ ሴቴ አበባ ያሳንስና ወንዴ ያበዛል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ከዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ስለሆነ ገበሬው ምክንያቱን አያገናኘውም። አማካይ ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ችግኙ ማደግ ያቆማል። ደጋ ከሆነ በፍጹም አይሞክሩት። ፀሐይም በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ዘር። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምለምንዎት። ጎረቤት ካለው ጥሩ ዛፍ ሥር የወደቀ ፍሬ ለቅመው አይትከሉ። ያ ዛፍ ቴኔራ ከሆነና ከሌላ ቴኔራ ብናኝ ከደረሰው፣ ከዘሩ ሩቡ ዱራ፣ ሩቡ ፍሬ የማይሰጠው ፒሲፌራ ይሆናል። ይህን የሚያውቁት ከሦስት አራት ዓመት ልፋት በኋላ ነው። ዛፉ ደግሞ 25 ዓመት አብሮዎት የሚኖር ነው። ከታወቀ የዘር አባዢ ወይም ምርምር ጣቢያ፣ ተዳቅሎ የተረጋገጠ ዘር ወይም ችግኝ ይግዙ። ውድ ቢሆንም ይግዙ።

ዘሩ በራሱ ቶሎ አይበቅልም። መሬት ላይ ቢተው ዓመትና ከዚያ በላይ ሊተኛ ይችላል። አባዢዎች ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለሁለት ወር ገደማ አቆይተው፣ ከዚያ አርጥበው ያነቁታል። ስለዚህ የበቀለውን መግዛት ይሻላል። ችግኙ መጀመሪያ ሦስት ወር በትንሽ ከረጢት፣ ጥላ ሥር ይቆያል። ከዚያ ወደ ትልቅ ከረጢት ተዛውሮ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያድጋል። ጠማማውን፣ ቅጠሉ የተጣበቀውን፣ የቀጨጨውን ሳይራሩ ያስወግዱ፤ ችግኝ ጣቢያ ላይ የጨከነ እርሻ ላይ አያዝንም።

እርሻ ላይ በሦስት ማዕዘን አቀማመጥ፣ በዛፍና በዛፍ መካከል 9 ሜትር ትተው ይትከሉ። በሄክታር 143 ዛፍ ይሆናል። ሲተከል ሰፊ ይመስላል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ግን ጠባብ ነው። ጠጋ ጠጋ ካደረጉት ለብርሃን ሲሽቀዳደም ግንዱ ይረዝማል፣ ፍሬው ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት መሬቱ እርቃኑን አይቅር፤ መሬት የሚያለብስ የባቄላ ወገን ሐረግ ይዝሩበት፣ አረም ያፍናል፣ ናይትሮጅን ይሰጣል። መሬቱ ትንሽ ከሆነ በመካከሉ በቆሎ ወይም ካሳቫ መዝራትም ይቻላል። ፖታሽየም ይህ ዛፍ በብዛት የሚወስደው ንጥረ ነገር ነው፤ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባዶ ዘለላ በፖታሽየም የበለጸገ ስለሆነ አይጣሉት፣ ዛፉ ሥር ይመልሱት።

ፍሬ የሚጀምረው ከተተከለ በሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል፤ በየ10 እስከ 14 ቀን እየዞሩ መልቀም ነው። መድረሱን የሚያውቁት ፍሬ ፈልቀቅ እያለ መሬት ላይ መውደቅ ሲጀምር ነው። ዛፉ አጭር ሳለ በመሮ፣ ሲረዝም ደግሞ ረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ማጭድ ይቆረጣል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያስቡበትን ልንገርዎት። ዘለላው ከተቆረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ መቀቀል አለበት። ፍሬው ሲጎዳ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ዘይቱን መሰባበር ይጀምራል፤ ዘይቱ ይኮመጥጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። እንፋሎቱ ያንን ኢንዛይም ይገድለዋል። ስለዚህ በአቅራቢያዎ መጭመቂያ ከሌለ፣ ወይም መኪና የማያስገባ መንገድ ከሆነ፣ መሬቱ የቱንም ያህል ቢመች አይትከሉ። ወይም ጎረቤቶችዎን አስተባብረው ትንሽ መጭመቂያ አብራችሁ ትከሉ። ብዙ ገበሬ የሚከስረው ዛፉ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዛፎቼ ሥራቸው በስብሶ፣ ቅጠላቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እየሞቱ ነው። ግንዱ ሥር የእንጉዳይ ዓይነት ነገር ወጥቷል። መድኃኒት አለው? አይጥም አስቸግሮኛል፤ ምን ይሻላል?

አዝናለሁ፣ የገለጽከው ጋኖደርማ የሚባለውን ፈንገስ ይመስላል። እንጉዳዩ ከታየ ዛፉ ውስጡ አልቋል። የሚያድን መድኃኒት የለም። በሥር ንክኪና ከቆየ ጉቶ ይተላለፋል፤ ለዚህ ነው አንድ መሬት ላይ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲተከል የሚብሰው። የታመመውን ነቅለህ፣ ጉቶውንና ሥሩን ቆፍረህ አውጣ፣ ግንዱን ከትክተህ በትነው። ሳትከትክት አትተወው፤ በሰበሰ ግንድ ውስጥ ቀንዳማው ጥንዚዛ ይራባል፣ እሱ ደግሞ የወጣቱን ዛፍ ልብ ይበላል። ያቺን ብናኝ የምታደርሰዋን ጥንዚዛ ከዚህኛው ጋር እንዳታምታታ። ያገኘኸውን ፀረ ተባይ ሁሉ አበባ ላይ ብትረጭ የምትገድለው ባለውለታህን ነው።

ስለ አይጥም ጠይቀሃል። ማሌዥያ ውስጥ ገበሬዎች እርሻው መሃል ለጉጉት የሣጥን ጎጆ ይሰቅላሉ። ጉጉቷ አይጡን ትለቅማለች። ከመርዝ ይሻላል፤ መርዙ ጉጉቷንም ይገድላታልና።

ጥያቄ፦ በዚህ ዛፍ ምክንያት ደን እየተጨፈጨፈ፣ ኦራንጉታን እያለቀ ነው። ፓልም ያለበትን ነገር ላለመግዛት ወስኛለሁ። ልክ ነኝ?

ንዴትሽ ልክ ነው። ውሳኔሽ ላይ ግን አልስማማም።

በቦርኔዮና በሱማትራ የጠፋው ደን ቀላል አይደለም። ኦራንጉታን፣ የሱማትራ ነብርና ዝሆን ቤታቸውን አጥተዋል። ከሁሉ የከፋው ፒት የሚባለው መሬት ነው፤ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸ የእፅዋት ቅሪት፣ ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር። ለመትከል ሲባል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲወጣ አፈሩ ራሱ መቃጠልና መብነን ይጀምራል፤ የያዘው ካርቦን ሁሉ ወደ አየር ይሄዳል። በ2015 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተነሳው እሳት ጭስ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ሳይቀር ለሳምንታት አፍኖ ነበር። ይህን ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ዛፉ አይደለም።

ዛፉ ግን ሌላ ማንም የማይሰጠውን ይሰጣል። ከአንድ ሄክታር በአማካይ ከሦስት ቶን በላይ ዘይት ይገኛል። አኩሪ አተር ግማሽ ቶን ገደማ ነው። የሱፍ አበባም ከአንድ ቶን በታች ነው። ፓልም ከዓለም የእፅዋት ዘይት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሚሰጠው ለዘይት ሰብል ከዋለው መሬት ከ10 በመቶ ባነሰው ላይ ነው። እና ሁላችንም ነገ ፓልምን ትተን ወደ አኩሪ አተር ብንዞር ያ ዘይት ከየት መሬት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከሌላ ደን።

ደግሞ ገበሬዎቹን አስቢያቸው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከፓልሙ መሬት 40 በመቶ ገደማ የያዙት አነስተኛ ገበሬዎች ናቸው። ብዙዎቹ የሚተክሉት ያልተረጋገጠ ዘር ነው፤ ከዚያው መሬት ሊያገኙት ከሚችሉት በታች ያገኛሉ። አዲስ ደን ሳይነካ ምርቱ ሊጨምር የሚችለው እዚያ ላይ ነው። ጥሩ ዘርና ማዳበሪያ ቢደርሳቸው መጥረቢያ አያስፈልግም።

ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው። የምትገዢው ዕቃ ላይ ዘላቂነቱ የተረጋገጠ ፓልም የሚል ምልክት ካለ እሱን ምረጪ። በ2004 የተቋቋመ፣ አርኤስፒኦ የሚባል የምስክር ወረቀት ሰጪ አለ፤ በ2018 ደንቡን አጥብቆ ደን መመንጠርንና ፒት ላይ አዲስ መትከልን ከልክሏል። ቁጥጥሩ ቀዳዳ አለው፤ የሚተቹት ሰዎችም አላበዱም። ቢሆንም ከሌለበት ያለበት ይሻላል። ምልክት ከሌለ አምራቹን ጠይቂ፣ ጻፊላቸው። ጥቅሉ ላይ የአትክልት ዘይት ብለው ብቻ የሚያልፉትን ደግሞ የምን አትክልት እንደሆነ እንዲናገሩ ወጥሪያቸው።

ጥያቄ፦ ከዘይት ሌላ ምን ጥቅም አለው?

ብዙ። ቅጠሉ ጣሪያ ይከድናል፣ ቅርጫት ይሆናል፤ የቅጠሉ ጅማት ታስሮ መጥረጊያ ነው። የአስኳሉ ፋጉሎ ለከብት ይሆናል። ጠንካራው ቅርፊት ይነዳል፣ ጥሩ ከሰልም ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ልብ ይበላል፤ ግን ልቡ ከተቆረጠ ዛፉ ይሞታል። ወንዴው የአበባ ግንድ ሲበሳ ደግሞ ጣፋጭ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ጠዋት የተቀዳው ልጅ የሚጠጣው ጣፋጭ ነው፤ በአየር ላይ ያለ እርሾ ስለሚገባበት ከሰዓት በኋላ ሰው የሚያሰክር ይሆናል። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ኤሙ ይሉታል፤ ሲወጣ ደግሞ ኦጎጎሮ የሚባል ኃይለኛ አረቄ ነው።

ጥያቄ፦ ዘሩን አግኝቼ ቤት ውስጥ በማሰሮ ብተክለውስ? ፍሬ ባይሰጥም ዛፉን ማየት ስለምፈልግ ነው።

ይቻላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩን አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ። ጠንካራ ቅርፊቱን አትስበሪው። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ያለበት ከረጢት ውስጥ አድርገሽ፣ 38 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ያለው ቦታ አቆዪው። ወራት ይወስዳል፤ ከብዙ ዘር ጥቂቱ ብቻ ይወጣል፣ ስለዚህ ደርዘን ያህል ሞክሪ። የመጀመሪያው ቅጠል ሲወጣ ሰፊና ያልተሰነጠቀ ስለሆነ ሌላ ነገር የበቀለ ይመስልሻል፤ እሱ ነው፣ አትንቀዪው። የተሰነጠቀው ቅጠል ከወራት በኋላ ይመጣል። ጥልቅ ማሰሮ፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር፣ ብዙ ብርሃንና እርጥብ አየር ስጪው። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው እሾሁ እጅ መውጋት ይጀምራል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ በዚያን ጊዜ ቦታ ብትቀይሪለት ይሻላል።